ከጣሪያው ሥር ያለው

የምኖረው ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ወደ ውኃው በሚወርደው መንገድ ላይ፣ በአንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነው። የአምባሰል ልጅ ነኝ፤ አማርኛ አስተምራለሁ። ተመድቤ ስመጣ የተከራየኋት ጓዳ የምታህል ክፍል ዛሬም አልተቀየረችም። ሽማግሌውን አባባ እላቸዋለሁ። ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ እሷም ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር።

ግቢው ውስጥ ሁለት ቤት አለ። አንዱ አባባ የተወለዱበት የጭቃ ቤት ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ በኋላም ግድግዳው ክረምት ባለፈ ቁጥር ይለሰናል። ሁለተኛው ልጅቱ በምትልከው ገንዘብ እየቆመ እየቀጠለ የተሠራው የብሎኬት ቤት ነው። አንድ ዓመት መሠረቱ ወጣ፤ በሌላው ግድግዳው ቆመ፤ ከዚያ አሠሪዋ ደመወዟን ያዘባትና ቤቱ ክዳን ሳይኖረው ከረመ። ክዳኑም መስኮቱም ካለቀ በኋላ የቀረው በር ብቻ ነበር።

የአባባ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ ልጅቱ የምትደውለው በእኔ ስልክ ነው። ዓርብ ከሰዓት እሳቸው ከጁምዓ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጥና ስልኩን ለሁለት እንይዘዋለን። ፊቷን የማውቀው ከኋላዋ ካለ ነጭ የኩሽና ግድግዳ ጋር ነው።

"ከሳህ እኮ፣ አባዬ" ትላለች።

"ስልኩ ነው የሚያከሳኝ።"

"ቲቸር፣ አንተ ንገረኝ። ይበላል?"

"ይበላሉ" እላለሁ።

"አንተማ ተከራይ ነህ። ምን ልትል?"

አባባ ይስቃሉ። ሲስቁ ስልኩ ስለሚወዛወዝ እሷ የምታየው የግቢውን አጥርና ሰማይ ነው። "እሱንም አሳየኝ፣ ተወው" ትላቸዋለች።

አንድ ቀን ለብቻዬ ደወለችልኝ። የደሴው ነጋዴ የሦስት በሮች ፎቶ ልኮላት ነበር። ሦስቱም ከቻይና የመጡ የብረት በሮች ናቸው። አንዱ አበባ አለበት፤ አንዱ ምንም የለበትም፤ ሦስተኛው መሐሉ ላይ ወርቃማ ምልክት ተበይዶበታል።

"ቻይንኛ ተምረሃል አይደል? እዚህ ላይ ምን ይላል?"

መማሩን ተምሬያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በማታ ይሰጥ ነበር። ከእኛ ወደ ሰሜን ቻይናዎች የባቡር ሐዲድ ስለሚሠሩ አስተርጓሚ እሆናለሁ ብዬ ተመዘገብኩ። እኔ ሳልመረቅ ሥራው ቆመ። ከትምህርቱ የቀረልኝ በመጠኑ የማነባቸው ምልክቶችና እነሱን ለሰው የማስረዳት አመል ነው።

"ቤት ይላል" አልኳት። "መኖሪያንም፣ ቤተሰብንም በዚሁ ነው የሚጽፉት።"

 ከኋላዋ የውኃ ድምፅ ይሰማ ነበር።

"በቃ እሷ ትሁን" አለች።

የምልክቱን አመጣጥ ላስረዳት ስጀምር ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሳ ስትደውል ስለ በሩ ቁመት ብቻ ተነጋገርን።

በሩ በዝናብ መጣ። የገጠመው እዚሁ ሐይቅ የብየዳ ቤት ያለው ወጣት ነው። እሱም ሐዲዱ በሚሠራበት ጊዜ ከቻይናዎቹ ጋር ውሎ ብየዳውን የተማረው ከእነሱ ነው። ጨርሶ ሲሄድ አባባ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት። አልገቡበትም። "ባለቤቷ ትክፈተው" አሉ። ለእረፍት እመጣለሁ ብላ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበረ አንድ ዓርብ ስልኩ ሲጠራ ያነሳሁት እንደ ልማዴ ለአባባ ላቀብላቸው ነው። እሷ አልነበረችም። እሷ በምትሠራበት ሰፈር የምትሠራ የኛ አገር ልጅ ናት። የአባባ ልጅ ታማ እንደነበር፣ ሐኪም ቤት እንደገባች፣ እዚያው እንደተቀበረች ነገረችኝ። አባባ ጎኔ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።

"እሷ ናት?" አሉኝ።

"አይደለችም፤ የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው" አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ባንድ ሰው አፍ በድንገት አይነገርም። ሰፈሩ ውስጥ ዱዓ ወደሚመሩት ሼህ ሄጄ ነገርኳቸው። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሼሁ ጎረቤቶቹን፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም፣ አስከትለው መጡ። አባባ ለሱብሒ ተነሥተው ዉዱእ እያደረጉ ነበር። ቀና ብለው የሰዉን ብዛት አዩ። ጆጉን መሬት አስቀመጡ። ማንም ምንም ሳይናገር ገባቸው።

የለቅሶው ሰሞን ብዙ አልተናገሩም። አስከሬን የለም፤ መቃብር የለም። ሰው እየመጣ "አብሽር፣ አላህ ያጽናህ" ይላል፤ እሳቸው "አሚን" ይላሉ። የሰደቃዋ ነገር ሲነሣ ግን አንድ ቃል ተናገሩ።

"ዱዓው የሚደረገው እቤቷ ውስጥ ነው። መቃብሯን አላየሁም፤ አላይም። በሠራችው ቤት ሰው ተቀምጦ አሚን ይበልላት። ሌላ የምለው የለኝም።"

ሁሉም እሺ አለ። ክፉው ነገር የመጣው በዚያው ሳምንት ነው።

ብየዳ የሚሠራው ልጅ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቶ ኖሯል። ቪዲዮው የቻይና ምልክቶች ከምን እንደተነሡ የሚያሳይ ነው። ጫት ቤት ተቀምጦ "የአባባ በር ላይ ያለው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከላይ ጣሪያ፣ ከሥሩ አሳማ" አለ። ሊያስቅ ነው ያወራው። የሳቁም ነበሩ። ወሬው ግን ወደ ገበያ ሲደርስ ሳቁ ቀረ። እኛ ወሎዎች አብረን እንበላለን ስንል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያለብኝ ነገር አለ። ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ሥጋ አይበላም፤ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን። ለሠርግም ለለቅሶም ሁለት ቦታ ይታረዳል፤ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ማንም ቅር አይለውም። በሥጋ እንዲህ የተለያየን ሰዎች በአሳማ ላይ ግን አንድ ነን። ስለዚህ የአባባ በር ነገር ሲወራ ሁለቱም ወገን ላይ እኩል ከበደ።

የሰደቃው ቀን ካፊያ ነበር። ዳስ ተጥሏል። በአንድ ጥግ የሙስሊሙ በሬ፣ በሌላው ጥግ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ የታረደው በግ ይበለታል። አባባ ነጭ ለብሰው ከንጋት ጀምሮ አዲሱ ቤት በር ላይ ቆመዋል። በሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈቱት በዚያ ቀን ነው። ውስጡ ሰሌን ተነጥፏል። የሲሚንቶ ሽታ ገና አለቀቀውም።

"ግቡ እንጂ" ይላሉ።

"እዚሁ ይሻለናል፣ ነፋሻ ነው።"

"ዝናብ ነው እኮ።"

"ካፊያ ነው፤ አይጎዳም።"

ሰዉ ዳስ ውስጥ ተጨናንቆ ተቀመጠ። የዳሱ ሸራ የሚያፈስበት ቦታ የደረሳቸው ሰዎች ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ቁጭ አሉ። ከበሩ ወዲያ ያለው ሰፊ ክፍል ባዶውን ነበር። አባባ አልተቆጡም። አንድ እጃቸውን መቃኑ ላይ አድርገው ቆሙ።

ሼሁ መጡ። ሰዉ ዳስ ውስጥ፣ አባባ በር ላይ፤ ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም።

"ማነው ያወራው?"

ብየዳ ሠሪው አንገቱን ደፋ። "እኔ ከስልክ ያየሁትን ነው ያወራሁት። ቲቸር ይጠየቅ፤ እሱ ተምሮታል።"

"ና እስኪ፣ አንተ የአምባሰል ልጅ። የሚሉት እውነት ነው?"

ተነሣሁ። "በሥርዓቱ ላስረዳ" አልኩ።

"ጀመረው" አለ ከኋላ አንዱ። "ጠመኔ ይዟል?"

ይዤ ነበር፤ ከኮቴ ኪስ ጠመኔ አይጠፋም። ጥቂቶች ፈገግ አሉ። አባባ ግን ጠመኔውን ሳወጣ ትክ ብለው ያዩኝ ነበር፤ ተስፋ የጣሉብኝ መሰለኝ። በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ቁጢጥ አልኩና 家 ብዬ ጻፍኩ።

"ላይኛው ጣሪያ ነው" አልኩ። "በጥንት ጊዜ በበሬ የትከሻ አጥንትና በኤሊ ቅርፊት ላይ ሲቀርጹት ሁለት ግድግዳና ሾጣጣ ክዳን ያለው ቤት ይመስል ነበር። ታችኛው..." ቆም አልኩ። አስተማሪ ሆኖ የሚያውቁትን መዝለል ይከብዳል። "ታችኛው እንስሳ ነው። አሳማ ነው።"

ከዳሱ ውስጥ "አዑዙ ቢላሂ" የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዲት ክርስቲያን ሴት አማተቡ።

"ግን የሚያስረዱት በተለያየ መንገድ ነው" አልኩ ፈጠን ብዬ። "አንዳንዶቹ የሚሉት ሰው መንከራተቱን ትቶ ከብት ሲያረባ፣ እንስሳው ከቤቱ ሥር ሲያድር፣ ያኔ ቤት አለው ይባላል ነው። ሌሎቹ ደግሞ ታችኛው ለድምፁ ብቻ የገባ ነው፣ ትርጉም የለውም ይላሉ። ሦስተኛዎቹ ቤቱ የመኖሪያ ቤት ሳይሆን ለሞቱ ዘመዶች የሚታረድበት ቤት ነበር ይላሉ።"

ሼሁ ከዘራቸውን ወደ ምልክቱ ዘረጉ። "ለሟች አርደው የሚሰበሰቡበት?"

"የሚሉ አሉ።"

ሼሁ የሚበለተውን በሬ፣ ከዚያም ባዶውን ክፍል አዩ። 

"ዛሬ ይህን የሚጽፍ ሰው አሳማውን አያየውም" አልኩ። "እኛም እንደዚያው ነን። የእኛው በ ስሙ ቤት ነው፤ ከጥንቱ የቤት ሥዕል ነው የተነሣው። የእኛ አ ደግሞ የበሬ ራስ ነበር። ማን ያስታውሰዋል? ሕፃናቱ ሲቆጥሩ በሬ አያዩም።"

"ከበሬ ጋር ምን ጠብ አለን?" አለ ያው የኋላው ሰው። "በሬውን እየበላነው ነው። እስኪ አሳማውን አሳየን፤ የትኛው ጋ ነው?"

የጥንቱን ቅርጽ ከጎኑ ብሥልላቸው ልዩነቱ ይገባቸዋል ብዬ አሰብኩ። ሆዱን፣ አጫጭር እግሮቹን፣ የወረደ ጅራቱን ሣልኩ። ሥዕል እችላለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ እሥላለሁ። ብየዳ ሠሪው አንገቱን አስግጎ "ይኸው፣ ጅራቱ ሳይቀር" አለ። ከፊት የተቀመጡት እግራቸውን ሰበሰቡ። አባባ ወደ ጭቃ ቤቱ ሄደው ጆጋቸውን ይዘው ተመለሱና ውኃውን ሥዕሉ ላይ አፈሰሱት። ጠመኔው ነጭ ጎርፍ ሆኖ ከበረንዳው ወረደ። 

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉ ሼሁ። "ልጅቱ በሩን ስትመርጥ ምን አውቃ ነው የመረጠችው?"

"እኔን ጠይቃኝ ነበር። ቤት ይላል አልኳት። ቤት የሚለውን ነው የመረጠችው። ሌላውን አልሰማችም፤ መስመሩ ተቋረጠ።"

ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አባባ ወደ እኔ ዞሩ። 

"በቃ፣ ኒያዋ፣ በልቧ ያሰበችው ቤት ነው" አሉ ሼሁ ለሰዉ። "ሥራ በኒያ ነው። እኔ እገባለሁ።"

ገቡም። ጫማቸውን አውልቀው፣ ከምልክቱ ሥር አልፈው፣ ባዶው ሰሌን ላይ ተቀመጡ። ሁለት ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። የቀረው ሰው አልተነሣም። አንድ በዕድሜ ከሼሁ የማያንሱ ሰው ከዳሱ ውስጥ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"የሷ ኒያ ለሷ ነው። አላህ ይቀበላት። እሷ አታውቅም ነበር፤ እኛ ግን አውቀናል። አውቀን በዚህ ሥር እንዴት እንለፍ? ዱዓውን እዚሁ ዳስ ውስጥ እናድርገው፤ አላህ የትም ይሰማል።"

ክፋት አልነበረባቸውም። ዝናቡ ጠንከር ብሎ ነበር፤ እርጥብ ልብሳቸውን ለብሰው እዚያው ለመቆየት ቆርጠዋል። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። 

አባባ ብየዳ ሠሪውን ጠሩት። "ወፍጮህን አምጣው።" የብረት መቁረጫውን ማለታቸው ነው።

"አባባ፣ በሩን ላነሣው እችላለሁ። አጥር ላይ አስደግፈነው፣ ነገ..."

"በሩን አላልኩህም። እንስሳውን ብቻ አንሣልኝ። ጣሪያውን እንዳትነካ።" ወደ እኔ ዞሩ። "የት ጋ ነው የሚለያዩት? አስምርለት።"

ጠመኔው ገና እጄ ውስጥ ነበር። በሩ ፊት ቆምኩ። ያ ምልክት በአንድ ቁራጭ ብረት የተሠራ ነው፤ በየጫፉ ትንንሽ ብየዳ አለው። የላይኛው ነጥብ፣ ከሥሯ የተዘረጋው ክዳን፣ በሁለቱም ወገን ዝቅ ያሉት ጫፎቹ፤ እዚያ ላይ ጣሪያው ያበቃል። ከዚያ በታች የሆዱና የእግሮቹ መሥመሮች ይጀምራሉ። በመካከላቸው አሰመርኩ። በሕይወቴ ያሰመርኩት ሁሉ ሰው እንዲያነብ ነበር።

የመብራት ሽቦ ከጎረቤት ተሳበ። መቁረጫው ሲጮህ ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ። ፍንጣሪው እርጥቡ በረንዳ ላይ እየወደቀ ጠፋ። ብየዳ ሠሪው ሲጨርስ የተቆረጠው ወርቃማ ብረት መሬት ወደቀ፤ አባባ ጎንበስ ብለው በነጭ ልብሳቸው ጫፍ አነሡት። ገና ትኩስ ነበር። የት እንዳደረጉት አላየሁም።

ሰዉ ተነሣ። አንድ በአንድ ጫማውን እያወለቀ ገባ። ክፍሉ ሞላ፤ ክርስቲያኖቹም ግድግዳውን ይዘን ተቀመጥን። ሼሁ ዱዓውን ጀመሩ። ስሟን ሲጠሩ የሰዉ አሚን አዲሱ ቆርቆሮ ላይ መታና ተመለሰ። ገና ምንም ዕቃ ያልገባበት ቤት ስለሆነ ድምፁ ይጮኻል። አባባ በሩ አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ዘርግተዋል። የእሳቸውን አሚን አልሰማሁትም፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር። የፈለጉት ሆነላቸው፤ ሰው በቤቷ ተቀምጦ አሚን አለላት።

ሰው ከተበተነ በኋላ በሩን ዘግተው ቆለፉት። ቁልፉን መልሰው አንገታቸው ላይ አሰሩ። እኔ ሸራውን ሳጣጥፍ በሩ ፊት ቆመው ነበር።

"አሁን ምን ይላል?" አሉኝ።

የተረፈው 宀 ነው። ቻይናዎች ዛሬ ይህን ለብቻው አይጽፉትም። ሌላ ነገር ከሥሩ ሲገባ ነው ቃል የሚሆነው፤ ሴት ስትገባ ሰላም፣ ልጅ ሲገባ ፊደል። ባዶውን ከሆነ አይነበብም። ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል ማስረዳት እችል ነበር።

"ጣሪያ ይላል" አልኳቸው።

"ጣሪያ" አሉ። "አልሐምዱሊላህ።" ከዚያ ወደ ጭቃ ቤታቸው ገቡ።

አሁንም የሚያድሩት እዚያው ነው። አዲሱ ቤት ተቆልፎ ይውላል። ዓርብ ከሰዓት ስመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፤ ጎናቸው እቀመጣለሁ። ስልኬን ከኪሴ አላወጣም። የአምባሰል ተራራ ጥርት ብሎ በሚታይበት ቀን "አገርህ ታየ" ይሉኛል።

ክረምቱ ሲገባ በበሩ ላይ አንድ ነገር ማየት ጀመርኩ። ፋብሪካው በሩን ቀለም የቀባው ምልክቱ ከተበየደ በኋላ ነው። ስለዚህ ከተቆረጠው ብረት ሥር ቀለም አልነበረም፤ ራቁቱን ቀርቷል። ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት እዚያ ላይ አርፎ ዛገ። ዝገቱ ከቀለሙ ጠርዝ አላለፈም። ሆዱ፣ እግሮቹ፣ ጅራቱ፣ ሁሉም በቀይ ተመልሰው ከጣሪያው ሥር ተቀምጠዋል።

ከሰዉ ቀድሞ ያየው ብየዳ ሠሪው መሰለኝ። አንድ ጠዋት የቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ይዞ መጣ።

"አባባ፣ ልቀባልዎት። በነፃ ነው።"

"ተወው።"

"ቅርጹ ተመለሰ እኮ። ሰው ሳያየው..."

"አይቼዋለሁ" አሉ አባባ። "ስትመርጠው ነበረበት። ተወው።"

ልጁ ወደ እኔ ዞረ፤ አንድ ነገር እንድላቸው ፈልጎ ነው። ትምህርት ቤት እየረፈደብኝ ነበር። ደብተሮቼን አንሥቼ ወጣሁ። እሱም ቆርቆሮውን ሳይከፍት ተከትሎኝ ወጣ፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ አብረን ሄድን።